ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞረ ቤት፤ በሞሮኮ ባለግቢ ቤት ለሚከራዩ

የቤት ኪራይ ነገር ለከተማ እናት አዲስ አይደለም። ውኃው በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ የመብራቱ ቆጣሪ የግል ይሁን የጋራ፣ ሽንት ቤቱን ከስንት ሰው ጋር እንደምትጋራ፣ የውጭው በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ሳትጠይቅ ቀብድ የምትከፍል እናት የለችም። ይህ ጥንቃቄ ግን ወደ ሌላ አገር በሚኬድበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሻንጣው ውጭ ይቀራል። በተለይም ቤቱ በፎቶግራፍ ያማረ እንደሆነ ዓይን ይረካና አፍ ጥያቄውን ይረሳል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የሞሮኮ ጥንታዊ ባለግቢ ቤት ነው። ለስብሰባ፣ ለንግድ ወይም ለጉብኝት ወደዚያ የሚሄዱ፣ ወይም በአውሮፓ ከሚኖሩ ልጆቻቸውና እኅቶቻቸው ጋር እዚያ ለመገናኘት የሚያስቡ እናቶች፣ ከሆቴል ይልቅ አንድ ሙሉ ቤት መከራየት ሊስማማቸው ይችላል። ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ሆኖ ሲከራዩት ዋጋው ይከፋፈላል፤ ልጆችም እንደ ልባቸው ይጫወታሉ። ስለዚህ ቤቱ ምን እንደሚመስልና ቀብድ ከመላኩ በፊት ምን መጠየቅ እንደሚገባ በዛሬው ዓምዳችን እንመለከታለን።

ቤቱ ምን ዓይነት ነው?

በማራኬሽ፣ በፌስ፣ በመክነስና በሌሎችም የሞሮኮ ከተሞች በግንብ የታጠረው አሮጌው ክፍል «መዲና» ይባላል። የፌስ መዲና እ.ኤ.አ. በ1981፣ የማራኬሽ ደግሞ በ1985 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የሐረርን ጁገል የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፣ በግራና በቀኝ ረጃጅም ግድግዳ ነው፣ ከውጭ ሲያዩት የደኻውና የባለጸጋው ቤት እምብዛም አይለይም።

ልዩነቱ የሚታወቀው በሩ ሲከፈት ነው። መግቢያው በቀጥታ አያስገባም፤ መንገደኛ የቤተሰቡን ጓዳ እንዳያይ ሲባል ይታጠፋል። ከእጥፋቱ በኋላ ጣሪያ የሌለው የመኻል ግቢ ይገኛል። ክፍሎቹ ሁሉ በዚህ ግቢ ዙሪያ ይሰለፋሉ፤ መስኮታቸውም በብዛት ወደ መንገድ ሳይሆን ወደ ግቢው ነው። ብርሃን፣ ነፋስ፣ ዝናብ፣ ድምፅና የወጥ ሽታ ሁሉ የሚገባውና የሚወጣው በዚያው በመኻሉ ነው። የቤቱን ጥቅምና ችግር ለማወቅ የሚሻ ሰው እንግዲህ ግቢውን መመርመር አለበት ማለት ነው።

በኪራይ ማስታወቂያ ላይ ሁለት ስሞች ያጋጥሙዎታል። «ሪያድ» በዓረብኛ የአትክልት ቦታ ከሚል ቃል የመጣ ሲሆን፣ ብዙ እኅቶቻችን የሠሩባት የሳዑዲ ዓረቢያ ዋና ከተማ ስምም ይኸው ቃል ነው። በትክክሉ ሪያድ የሚባለው በመኻሉ ዛፍና አትክልት ያለው ሰፊ ግቢ የያዘ ቤት ነው። ግቢው አነስተኛና በድንጋይ ወይም በሸክላ የተነጠፈ ሲሆን ቤቱ «ዳር» ይባላል። ዛሬ ግን አከራዮች ሁሉንም ሪያድ ማለት ስለሚቀናቸው፣ በስሙ ሳይታለሉ የግቢውን ስፋትና የክፍሎቹን ብዛት ይጠይቁ። ክፍሎቹ ረጅምና ጠባብ እንደሚሆኑም አስቀድመው ይወቁ፤ የክፍሉን ስፋት የሚወስነው ጣሪያውን የሚሸከመው የእንጨት ርዝመት ነው።

ልጆች ላሏት እናት

ይህ ቤት ሲሠራ ለሕፃን ልጅ ሩጫ ታስቦ አይደለም። በግቢው መኻል የውኃ ገንዳ ወይም ፏፏቴ ይኖራል፤ አንዳንድ አከራይ አነስተኛ መዋኛ አድርጎታል። ብዙ ጊዜ አጥር የለውም። ውኃው ጥልቀት ባይኖረውም ገና ድክ ድክ ለሚል ሕፃን አደገኛ ነው። ስለዚህ ገንዳው ይደርቅ ወይም ይሸፈን እንደሆነ ይጠይቁ፤ የማይቻል ከሆነ ሌላ ቤት ይፈልጉ።

ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ፣ ከፍታውም እኩል ያልሆነ ነው። በላይኛው ፎቅ ግቢውን ቁልቁል የሚያሳየው መተላለፊያ በእንጨት ወይም በብረት መከታ የታጠረ ሲሆን፣ የመከታው ክፍተት ሕፃን የሚያሾልክ መሆን አለመሆኑን ማየት ያስፈልጋል። የጣሪያው ላይ ሰገነትም እንደዚሁ። አከራዩ የአልጋውንና የትራሱን ፎቶግራፍ ብቻ ከላከልዎ፣ የደረጃውን፣ የመከታውንና የሰገነቱን እንዲጨምር ያድርጉ። አያት ወይም እግራቸውን የሚያማቸው ሰው አብሮ ከሄደ በምድር ቤቱ መኝታና መታጠቢያ መኖሩን ያረጋግጡ።

«ዘሊጅ» የሚባለው በእጅ እየተቆረጠ የሚገጣጠመው ባለቀለም ሸክላ የቤቱ ጌጥ ነው፤ ውኃ ሲነካው ግን ያንሸራትታል። መታጠቢያ ቤቱ በአብዛኛው «ታደላክት» በሚሉት፣ ከኖራ ተሠርቶ በድንጋይ በሚታሽና በጥቁር ሳሙና በሚወለወል ልስን የተለበጠ ነው። ውኃ አያሳልፍም፤ በበረኪናና በሻካራ ማጠቢያ ከታሸ ግን ይበላሻል፤ የጥገናውም ሒሳብ ከመያዣዎ ላይ ሊቆረጥ ይችላል። በግድግዳው ላይ የተቀረጸውን ጄሶ ሞሮኮዎች «ገብስ» ይሉታል፤ ከእኛ ገብስ ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነውና ልጆች እንዳይፈረፍሩት ይጠብቁ።

ሽታ የሌለው አደጋ

ከሁሉም በላይ ልብ ሊሉት የሚገባው የውኃ ማሞቂያውን ነው። በሞሮኮ ቤቶች ምግብ የሚበስለውም ውኃ የሚሞቀውም ብዙ ጊዜ በቡታጋዝ ነው። የጋዝ ማሞቂያ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከተተከለና ጭስ ማውጫው ከተበላሸ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዛም አየር ያወጣል። ይህ አየር ሽታም ቀለምም የለውም። የእኛ እናቶች የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት የሚያደርሰውን ያውቁታል፤ ይኸኛው ያው ነው፣ የሚለየው ከሰሉ ፊት ለፊት አለመታየቱ ብቻ ነው።

ስለሆነም ማሞቂያው በጋዝ ይሁን በኤሌክትሪክ፣ በምን ቦታ እንደተተከለ፣ በመጨረሻ መቼ እንደተመረመረ ይጠይቁ። ማሞቂያው ከመታጠቢያና ከመኝታ ክፍል ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ቢሆን ይመረጣል። ይህን አየር ሲያገኝ የሚጮኽ አነስተኛ መሣሪያ በገበያ ላይ ስላለ፣ ከተቻለ ይዞ መሄድ ብልህነት ነው። በቤቱ ውስጥ ከአንድ በላይ የሆነ ሰው ራሱን ካመመው፣ ካዞረውና ካቅለሸለሸው የመንገድ ድካም ነው ብለው አይተኙ፤ ሁሉንም ወደ ውጭ ያውጡና እርዳታ ይጥሩ። በሞሮኮ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ ስልክ 15፣ የከተማ ፖሊስ 19 ነው።

ጀበናዎን ይዘው ከሄዱም ከሰሉን በሰገነቱ ላይ ያቀጣጥሉ እንጂ ሙቀት ያገኛል ተብሎ ወደ መኝታ ክፍል አይገባም።

ወቅቱንና ግድግዳውን ይዩ

የመኻል ግቢ ያለው ቤት ለሙቀት የተሠራ ነው። ወፍራሙ ግድግዳና የሌሊቱ ቀዝቃዛ አየር ተባብረው ቀኑን ያቀዘቅዙታል። በማራኬሽ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስና ሲያልፍ የቤቱ ጥቅም ያን ጊዜ ይታወቃል። በታኅሣሥና በጥር ግን ሌሊቱ እስከ 5 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል፤ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄዱም የሚያልፉት በክፍት ሰማይ ሥር ነው። በክረምታቸው የሚሄዱ ከሆነ የየክፍሉ ማሞቂያ፣ የብርድ ልብሱ ብዛትና ግቢው በዝናብ ጊዜ የሚሸፈን መሆኑ ሊጠየቅ ይገባል።

ቤቶቹ ያረጁ ስለሆኑ የግድግዳው ጤንነትም ቀላል ጥያቄ አይደለም። ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ሌሊት ከማራኬሽ በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለው የአትላስ ተራራ የተነሣው፣ በመለኪያ 6.8 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ2,900 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በማራኬሽ መዲና ውስጥም ብዙ አሮጌ ቤቶች ተጎድተዋል። በማራኬሽ የሚከራዩ ከሆነ ቤቱ ከዚያ ወዲህ በባለሙያ ታይቶ እንደሆነና ምን እንደተጠገነ ይጠይቁ። አዲስ ቀለም የተቀባ ስንጥቅ ተጠገነ አይባልም።

መንገዱና ቁልፉ

መኪና እስከ በሩ አይደርስም። በፌስ አሮጌ ከተማ ዕቃ የሚጓጓዘው በበቅሎና በአህያ ነው፤ «ባላክ!» የሚል ጩኸት ከኋላ ሲሰሙ «ዞር በሉ» ማለት ነውና ልጆችዎን ይዘው ግድግዳውን ይጠጉ። በማራኬሽ ደግሞ በእጅ የሚገፋ ጋሪ ያላቸው ተሸካሚዎች አሉ። ዋጋውን ሻንጣው ከመነሣቱ በፊት ይነጋገሩ።

በአድራሻው ላይ «ደርብ» የሚል ቃል ቢያዩ ፎቅ እንዳይመስልዎ፤ በእነርሱ አነጋገር ጠባብ የሠፈር መንገድ ማለት ነው። አንዳንዱም ጫፉ ዝግ ስለሆነ እንግዳ ሰው በቀላሉ ይጠፋል። «መንገዱ ተዘግቷል፣ እኔ ላሳይዎ» እያለ ወስዶ ገንዘብ የሚጠይቅ ጎረምሳም አይጠፋም። ስለዚህ አከራዩ ወይም ሠራተኛው በታወቀ በር ላይ፣ ለምሳሌ በፌስ በባብ ቡጅሉድ፣ በማራኬሽ በባብ ዱካላ ቆሞ እንዲቀበልዎ ያስማሙ። በተቻለ መጠን በቀን ይድረሱ።

ውልና ገንዘብ

ዋጋው ለመላው ቤት ይሁን ለየክፍሉ፣ ቁርስ፣ ጽዳት፣ የአልጋ ልብስና ጋዝ ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበሉ። ለከተማው የሚከፈል የእንግዳ ግብር ስላለ እርሱም ተጠቃልሎ ይሁን አይሁን ይጠይቁ። ምግብ የምታበስል ሴት ካለች የገበያው ገንዘብና የእጇ ዋጋ ለየብቻ ይታወቅ፤ የድካሟ ዋጋ ለአከራዩ ተሰጥቶ እርሷ ዘንድ ሳይደርስ እንዳይቀር በግልጽ ይነጋገሩ። እኛም ሠራተኞች ነንና ይህ አይጠፋንም።

ፈቃድ ያለው የእንግዳ ቤት ፓስፖርትዎን አይቶ የምዝገባ ቅጽ ያስሞላዎታል፤ ይህ የአገሩ ደንብ ነው። ደረሰኝ የማይሰጥና ሙሉውን ሒሳብ አስቀድሞ በግል ስሙ እንዲላክለት የሚጣደፍ ሰው ግን ያጠራጥራል። የሞሮኮ ዲርሃም ከአገሩ ውጭ እንደ ልብ አይገኝም፤ እዚያው በባንክ መንዝረው የምንዛሪውን ወረቀት ይያዙ። የቪዛውን ጉዳይ አዲስ አበባ ካለው የሞሮኮ ኤምባሲ ሳያረጋግጡ ቀብድ አይክፈሉ።

ከጎረቤት ጋር

በልማዱ እያንዳንዱ ሠፈር መስጊድ፣ የውኃ ቦኖ፣ የቁርዓን ትምህርት ቤት፣ ሐማም የሚባል የሕዝብ መታጠቢያና የጋራ የዳቦ ምድጃ ይኖረዋል። ሊጡን ከቤት አቡክቶ ወደ ምድጃው መላክ ዛሬም በብዙ ቦታ አልቀረም። ሐማሙ ለሴቶችና ለወንዶች የተለየ ሰዓት ወይም የተለየ ክፍል አለው።

ሰገነት ከጥንት ጀምሮ የሴቶች ቦታ ነው፤ ልብስ የሚሰጣውም ወግ የሚወጋውም እዚያ ነው። ወደ ጎረቤት ሰገነት ወይም ግቢ ፎቶግራፍ ማንሣት ነውር መሆኑን ለልጆች ይንገሩ። የመኻል ግቢ ድምፅ ያጎላል፤ የእርስዎ ሙዚቃ ለጎረቤት፣ የንጋቱ አዛንም ለእርስዎ ይሰማል። የሚሄዱት በረመዳን ከሆነ የሠራተኞቹ ሰዓት እንደሚለወጥ ይወቁ። እርስዎ በጾም ወራት ከሄዱ ደግሞ ከባቄላ ክክ የሚሠራው «ቢሳራ» በወይራ ዘይትና በትኩስ ዳቦ ይስማማዎታል። «ሐሪራ» የሚሉት ሾርባ ግን ብዙ ጊዜ ሥጋ ስለሚገባበት መጠየቅ ነው።

እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ጽፈው ለአከራዩ ይላኩ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ስለ ቤቱ የሚያፍርበት ነገር የሌለው አከራይ ጥያቄ አይሰለቸውም፤ የተሰላቸው ደግሞ መልሱን ሰጥቷል ማለት ነው። ድስቱን ከጣዱ በኋላ ከማልቀስ አስቀድሞ መመጠን ለቤት ኪራይም ይሠራል። መልካም ጉዞ።