ሐረር ስንት ሌሊት ታሳድራለች?

በሐረር ትልቁ የአልጋ ደላላ ጅብ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በግንብ የታጠረችውን አሮጌዋን ከተማ ጀጎልን በአንድ ቀን ዞሮ ሊመለስ ያሰበ እንግዳ የጅቡን ትርኢት ሳያይ መሄድ አይሆንለትም፤ ጅቡ ደግሞ ካልመሸ አይመጣም። ሥጋው በአጭር እንጨት ላይ ተጠምጥሞ አውሬው ሲጎርስ ታይቶ እስኪያበቃ መንገዱ ይጨልማል፤ እንግዳውም ያድራል። በማግስቱ ቁርሱን በልቶ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። ጅብ መጋቢው ዩሱፍ ሙሜና ሥራውን የተረከበው ልጁ አባስ ለከተማዋ ሆቴሎች ያስገኙላቸውን ያቺን አንዲት ሌሊት የትኛውም ማስታወቂያ አላስገኘም። ያስቸገረችው ሁለተኛዋ ሌሊት ናት።

ችግሩ የቆየ ነው። የባቡር ሐዲዱ መጀመሪያ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ተራራውን መውጣት ወጪው ስለበዛ በ1895 ዓ.ም. እታች ቆላው ላይ ቀረ፣ ድሬዳዋም ተቆረቆረች። ያኔ የሲራራው ንግድ ወረደ፤ ዛሬ የሚወርደው እንግዳው ነው። አውሮፕላኑም አዲሱም ባቡር መዳረሻቸው ድሬዳዋ ነው። ደንገጎን በሚኒባስ ሽቅብ ወጥቶ፣ ሐረማያን አልፎ፣ አወዳይ ላይ የጫት ገበያው ግርግር ይዞት ሐረር የሚገባ ሰው ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ርቀቱ ይህን ያህል አይደለም፤ ሐረርን የደርሶ መልስ ከተማ ለማድረግ ግን ይበቃል።

ከግንቡ ውጪ አልጋ አይጠፋም። ራስ ሆቴል አለ፣ በላይነህ አለ፣ ሄሪቴጅ ፕላዛ አለ፤ ከእነሱ ወዲህም ብዙ ፎቅ ተሠርቷል። እኔ ያረፍኩበት (ስሙ ይቆየን) አዳራሹ በር ላይ የሥልጠና ባነር ተሰቅሎ፣ ሠልጣኞቹ ለሻይ ወጥተው ስለ አበል ሲያወሩ ደረስኩ። ክፍሌ ገብቼ ቧንቧውን ብከፍት ትንፋሽ ብቻ ወጣ። አስተናጋጁ ልጅ እንደ ለመደ ሰው፣ «ጋሼ፣ ውኃ በፈረቃ ነው፤ ባልዲው ሙሉ ነው» አለኝ። ሐረር ለብዙ ዓመት የምትጠጣው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ሲደርቅ (አሁን ውኃው ተመልሷል) በድሬዳዋ በኩል ቆላ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ውኃ በፓምፕ ሽቅብ መግፋት ግድ ሆነ። እንግዳውም ውኃውም የሚመጣው ከድሬዳዋ ነው ማለት ነው። ሆቴሎቹ ሮቶ ደርድረው፣ ቦቴ ጠርተው ይኖራሉ፤ ያ ሁሉ ወጪ የሚያርፈው አልጋው ላይ ነው።

ያም ሆኖ እነዚህ ሆቴሎች ከኮቪድ ወረርሽኝና ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ አገግመዋል። ስብሰባው፣ ሠርጉ፣ ከውጭ ለበዓል የሚመጣው ሐረሪ ይሞላቸዋል። የሐረሪዎች በዓል ሹዋሊድ በኅዳር 2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ በበዓሉ ሰሞን አልጋ አስቀድሞ ያልያዘ ሰው ይቸገራል አሉኝ።

ከግንቡ ውስጥ ያለው ነገር ሌላ ነው። በጠባቡ የመኪና ግርግር መንገድ፣ በልብስ ሰፊዎቹ መሐል አልፌ፣ እንግዳ ከሚያሳድሩት የሐረሪ ቤቶች አንዱ ዘንድ ገባሁ። ጫማ ይወለቃል። ወለሉ ቀይ ነው፤ ቀለሙ በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ያስታውሳል ይላሉ። መደቦቹ፣ ነደባዎቹ፣ ከፍና ዝቅ ብለው ምንጣፍ ለብሰዋል፤ ማን የቱ ላይ እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሰፌድና ሳህን ነው። ባለቤቲቱ ቁጢ (የቡና ቅጠል) በወተት አፍልተው ሰጡኝና መዝገባቸውን አመጡ። ጣሊያኑ፣ ጃፓኑ፣ ፈረንሳዩ በየቋንቋው ጽፏል፤ 2012 አጋማሽ ላይ ግን ጽሑፉ ቆመ። ከዚያ ባዶ ገጽ። ቀጥሎ አልፎ አልፎ የአማርኛ ስሞች፣ አብዛኞቹ ለፎቶ የመጡ ወጣቶች።

«እናቴ፣ ለእርስዎ የቱ ይሻላል፣ ፈረንጁ ወይስ ሀበሻው?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ፈረንጁ ይከፍላል፣ ሀበሻው ያጫውታል። ግን ልጄ፣ ሀበሻው ሻወር ክፍሉ ውስጥ ከሌለ አያድርም።»

ለእኔ የጉዞው ቁልፍ ይህቺ ነገር ናት። ወረርሽኙ በመጋቢት 2012 ገባ፤ ወዲያው የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ። ሐረር ከግንባሩ እጅግ ሩቅ ብትሆንም የኤምባሲዎች ማስጠንቀቂያ አገሩን በሙሉ አንድ ቀለም ቀባው። ጦርነቱ በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢቆም፣ ብሩም በሐምሌ 2016 ለገበያ ተለቆ አገሪቱ ዶላር ለያዘ ሰው ብትረክስ፣ ፈረንጁ እንደ ድሮው አልተመለሰም። በእሱ ቦታ የመጣው የአገር ውስጥ ተጓዥ የሚፈልገው ፎቅና የራሱ ሻወር ነው፤ የጋራ መታጠቢያ ያለው የቅርስ ቤት አያሳድረውም። ቤቱን ልለውጥ ቢባል ደግሞ ጀጎል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ስለሆነ እንደ ልብ ግድግዳ አይፈረስም። ማገገሙ ግንቡን እየዞረ ያልፋል።

ለንጽጽር ትንሿን አውሮፓዊት አገር ማልታን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 2.7 ሚሊዮን እንግዳ ተቀብላ፣ በ2020 ከ700 ሺህ በታች ወርዳ፣ በ2024 ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ደርሳለች። እሷም ምዲና የምትባል በግንብ የታጠረች ጥንታዊ ከተማ አለቻት፤ ቀን በጎብኚ ትጨናነቃለች፣ በውስጧ የሚኖረው ሰው ግን 300 አይሞላም። እንዲህ ያለ ማገገም ለሐረር አልመኝም። ጀጎል ውስጥ ዛሬም ሰው ይወለዳል፣ ይዳራል፤ ከ82ቱ መስጊዶች የአዛን ድምፅ ይሰማል። የሚሸጠውም ይኸው ነው፤ ግንቡማ በደርሶ መልስም ይታያል።

ስለዚህ የክልሉ የቱሪዝም ቢሮ የጎብኚውን ብዛት ሳይሆን ያደረበትን ሌሊት ቢቆጥር፣ ለቅርስ ቤት ባለቤቶችም ቤቱን ሳይጎዳ የሚሠራ መታጠቢያ ንድፍና አነስተኛ ብድር ቢያመቻች፣ ከአንድ አዲስ ፎቅ የበለጠ ጥቅም አለው ባይ ነኝ። አንተም አንባቢ፣ ሐረር ከሄድክ ጀጎል ውስጥ እደር፤ የድሬዳዋ መልስ ትኬትህንም ጅቡን ባየህ ማግስት አትቁረጠው። ባልዲው ሙሉ ነው።