ባሕር የጠጣው ጎልፍ ካርት

ከታምፓ ተነስታችሁ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ስትነዱ፣ ስቴት ሮድ 24 ወደ ምዕራብ ይዟችሁ ይሄድና ባሕር ላይ ያበቃል። ጫፉ ላይ ያለችው የደሴት ከተማ ሲዳር ኪ ትባላለች። ነዋሪዎቿ 700 ገደማ ናቸው። ሰማይ ጠቀስ ሆቴል የለ፣ ሮለር ኮስተር የለ። ልጆቻችሁ የመጀመሪያው ቀን «እዚህ ምን አለ?» ማለታቸው አይቀርም። ማታ ጎልፍ ካርት ላይ ስታሳፍሯቸው ግን ጥያቄው ይቀራል። ባጃጅ ለሐዋሳ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ጎልፍ ካርት ለሲዳር ኪ እንደዚያው ነው። ገበያም፣ ዓሣ ማጥመጃም፣ ጎረቤት ቡና ለመጠጣትም የሚኬደው በሱ ነው።

ለልጆቻችሁ አንድ ነገር ንገሯቸው፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፋበር ኩባንያ እርሳስ የሚሠራበት እንጨት እዚህ ይሰነጠቅ ነበር። የከተማዋ ስምም የመጣው ከዛፉ ነው። መሰንጠቂያው የነበረው ፊት ለፊት በምትታየው አትሲና ኦቲ ደሴት ላይ ሲሆን፣ በ1896 የመጣ ማዕበል ጠራርጎ ወሰደው። ዛሬ እዚያ በጀልባ ብትሻገሩ የምታገኙት ጫካና አሮጌ የመቃብር ቦታ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ፍሎሪዳ ትልልቅ መረቦችን ስትከለክል፣ ዓሣ አጥማጆቹ ክላም የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር ፍጡር ወደ ማርባት ዞሩ። እኛ አንበላውም፤ እነሱ ግን ኑሯቸው እሱ ነው።

እኛ በየክረምቱ አንዲት ትንሽ ቤት የምንከራየው ከአንዲት አሮጊት ነው። ልጆቼ ገና ሲያዩዋቸው «እማማ» አሏቸው፣ እሳቸውም ስም መስሏቸው ወደዱት። አሁን የገና ካርድ ሲልኩልን ከታች «እማማ» ብለው ነው የሚፈርሙት።

ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ የመጣው መስከረም 16 ቀን 2017፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 ነው። የደመራ ማታ ነበር። ታምፓ ውስጥ ደመራ መለኮስ ቀርቶ መስኮት መክፈትም አልተቻለም። ሲዳር ኪ ላይ ባሕሩ ከተለመደው ሙላት በላይ ከ9 ጫማ በላይ ከፍ አለ፤ ሦስት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ቀረው ማለት ነው። ዓመት ከአንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ኢዳሊያና ዴቢ መጥተው ነበር፤ ይህ ሦስተኛው ነው።

እማማ እሑድ ዕለት ደወሉ። ቤታቸው በምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ተርፏል። ከሥሩ የነበረው ሁሉ ግን ተንሳፎ ሄዷል፤ ማቀዝቀዣው የተገኘው ጎረቤት ግቢ ነው። በቤንዚን የሚሠራው ጎልፍ ካርታቸው ምሰሶው ላይ ተደግፎ፣ ወንበሩ ላይ የባሕር ሣር ተጎዝጉዞበት ቆሟል። ሟቹ ባለቤታቸው የገዙት ነው። እማማ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ያለሱ ከደጅ አይርቁም፤ አዲስ ለመግዛት ደግሞ አቅም የለም። «ፍርስራሽ የሚያነሱት ሰዎች ሰኞ ይመጣሉ፣ መንገድ ዳር ላውጣው?» አሉኝ።

«አይጣል» አልኳቸው። ለራሴም ገረመኝ። አዲስ አበባ እያለሁ ሶማሌ ተራ አጠገብ ጋራዥ ውስጥ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚህ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ከራሴ መኪና ዘይት በቀር የነካሁት ነገር የለም።

ያን ቀን በስልክ ያልኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ጎርፍ የትም አለ። ቁልፉን አትንኩ። የቤንዚን ጎልፍ ካርት ቁልፉ በርቶ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚነሳ ስለሆነ ፔዳሉንም አትርገጡ። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ እያለ ሞተሩ በኃይል ከዞረ ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ ይጣመማል፤ ያኔ በእርግጥም መንገድ ዳር ማውጣት ነው። የእማማ ጎረቤት የባትሪውን ገመድ ፈታ፣ ካንዴላውን አወጣ፣ በቀዳዳውም ጥቂት የሞተር ዘይት አፈሰሰበት። ዝገት እንዲዘገይ ነው። ጨው አይጠብቅም።

ቅዳሜ ከልጄ ጋር ሄድን። 15 ዓመቱ ነው። ከቤት ያስወጣሁት በልመና ነው ብል አልዋሸሁም። መኪናው ውስጥ ስድስት ጀሪካን ንጹሕ ውሃ፣ ዘይት፣ ናፍታና የመፍቻ ሳጥን ይዘናል። ከተማዋን ስናይ ሁለታችንም ዝም አልን። ፖስታ ቤቱ ተበላሽቷል፣ ገበያው ተበላሽቷል፣ የሰው ፍራሽና የሰው ፎቶ አልበም በየመንገዱ ዳር ተከምሯል።

ወንበሩን አንስተን ሞተሩን በንጹሕ ውሃ አጠብነው። እርጥብን በውሃ ማጠብ ሞኝነት ይመስላል፤ ጨውን የሚያስለቅቀው ግን ሌላ ነገር የለም። ከዚያ የዘይቱን ቡሎን ስንፈታ ነጭና ቡናማ ነገር ተንዠቀዠቀ። «አባዬ፣ ማኪያቶ!» አለ ልጄ። ስልኩን ኪሱ የከተተው ያኔ ነው። ዘይት ከውሃ ጋር ሲደባለቅ መልኩ እንደዚያ ነው። አዲስ ዘይት ከጥቂት ናፍታ ጋር ሞላን፣ በእጃችን ሞተሩን አዞርን፣ ደፋን። ሦስት ጊዜ። ሲዞር መጀመሪያ ካንዴላው ቀዳዳ ውሃ እየተፋ ነበር። የቤንዚኑን ታንከር አራገፍን፣ የአየሩንና የቤንዚኑን ፊልትሮ ጣልን፣ ካርቡራተሩን ፈታን። ልጄ የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ እያጸዳ «ይህችስ ምን ታደርጋለች?» ይለኛል። የማውቀውን በአማርኛ ነገርኩት፣ የረሳሁትን እሱ በእንግሊዝኛ ፈልጎ ነገረኝ።

ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መሸና ድምፁን ለመስማት ቸኮልኩ፣ ባትሪ አሰርኩ። ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ጭስ። ሶሌኖይዱ ተቃጠለ። ጎልፍ ካርት ላይ ሞተር የሚያስነሳውና ባትሪ የሚሞላው አንድ ዕቃ ነው፤ ሞተሪኖም ዲናሞም እሱ ነው፣ በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ይገናኛል። ውስጡ ገና ጨው ነበር። እማማ ከደረጃው ላይ ሆነው ጭሱን አይተዋል፤ ምንም አላሉም። ባይሉኝ ይሻላል ብዬ ነበር፤ ዝምታቸው ግን ባሰብኝ።

ዲናሞውን ፈትተን ታምፓ ይዘነው ተመለስን። በዚያው ሳምንት ሚልተን የሚባለው ሌላ ማዕበል እኛኑ ከቤት አስወጣን፤ ዲናሞውም በመኪና አብሮን ተሰደደ። ስንመለስ ከፍተን አጠብነው፣ ካርቦኖቹን ቀየርን፣ በረንዳ ላይ ከተሰጣ በርበሬ ጎን አሰጣነው። ባለቤቴ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

በጥቅምት መጨረሻ ተመልሰን ሄድን። አዲስ ሶሌኖይድ፣ አዲስ ካንዴላ፣ የደረቀው ዲናሞ። ጫፍ ጫፋቸው አረንጓዴ የሆነባቸውን ሽቦዎች ቆርጠን ቀጠልን። ፔዳሉን የረገጡት እማማ ናቸው፤ ሌላ ሰው እንዲረግጥ አልፈቀዱም። ሁለት ጊዜ አንገራገረ፤ በሦስተኛው ነጭ ጭስ እየተፋ ተነሳ። ዐሥር ደቂቃ ሠርቶ አጠፋነውና ዘይቱን እንደገና ቀየርን። የኋላ ዲፈረንሻሉን የሚረሳ ብዙ ሰው አለ፤ እዚያም ማኪያቶ ነበር።

ይህ ሁሉ የቤንዚኑ ነው። በሊቲየም ባትሪ የሚሄደው የባሕር ውሃ ከነካው ከቀናት በኋላም እሳት ሊነሳበት ስለሚችል አትክፈቱት፣ ከቤትም አርቁት። ቤንዚንም ስታራግፉ ሜዳ ላይ ይሁን፣ የሚያጨስ ዘመድ ካለ ይራቅ።

ለጉብኝት የምትሄዱ ከሆነ፣ ጎልፍ ካርት ለትንንሽ ልጅ አትስጡ። በፍሎሪዳ ሕግ ከ2023 ጥቅምት ወር ጀምሮ መንገድ ላይ የሚነዳ ልጅ ቢያንስ 15 ዓመት ሆኖት የመለማመጃ ፈቃድ፣ ወይም 16 ሆኖት መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ሲመሽ የምትነክስ ትንኝ አለች፤ ረጅም እጅጌ ያዙ። የከተማዋን ትንሽ ሙዚየም አትለፉት፣ የእርሳሱ ታሪክ እዚያ አለ።

እማማ ያን ቀን ማታ ልጄን ከጎናቸው አስቀምጠው ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ወደ ባሕሩ ነዱ። እኔ በእግሬ ተከተልኳቸው። ጥግ ላይ ሲያቆሙ ፍሬኑ እስከ ታች ሰፈር የሚሰማ ጩኸት ጮኸ። ኩሽኔታዎቹንና ፍሬኑን በሚቀጥለው ጉዞ እንከፍታቸዋለን፤ የሚያስፈልገውን ልጄ ስልኩ ላይ ጽፎታል።