አንደኛ የማይወጣበት ፈተና

ዛሬ የምጽፈው ስለ ውሻ ነው። «ሀገር እንዲህ ሆና ስለ ውሻ?» የሚል አይጠፋም። ግድ የለም፣ እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ፍረዱብኝ።

አዳማ ውስጥ ጥሩ ውሻ ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ የግቢ በሮችን ማንበብ ይበቃል። «ኃይለኛ ውሻ አለ» ይላል በሩ። ቡችላ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይናከሳል ወይ?» ብሎ ነው። ሻጩም «ይሄማ ሰው አያስጠጋም» ብሎ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። ጆሮው ከቆመ «ጀርመን» ነው፤ ካልቆመ «ክልስ» ነው። ከዚያ በሰንሰለት ይታሰራል፣ ፍርፋሪ ይጣልለታል፣ ሌሊት ይጮሃል። ጮኸ ማለት ሥራውን ሠራ ማለት ነው። ሲጠሩት ይመጣል ወይ? ሕፃን ሲያይ ምን ያደርጋል? እነዚህን የሚጠይቅ ገዢ እስካሁን አልገጠመኝም።

እኔ በሙያዬ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ውሻ ማሳደግ ግን ከልጅነቴ የለመድኩት ነገር ስለሆነ የሰፈሬ ሰው ውሻው ሲያስቸግረው እኔን ይጠይቃል። በዚህ ሰበብ ስለ ውሻ ሥልጠና ሳነብ ነው የሪትሪቨር ውሾች የአደን ፈተና የሚባል ነገር ያገኘሁት። ለቡችላ ምክር ፍለጋ ጀምሬ ስለ ክፍሌና ስለ ሰፈሬ እያሰብኩ ጨረስኩ።

መጀመሪያ ውሻው ምን እንደሚሠራ ላስረዳ። ሪትሪቨር ማለት አምጪ ማለት ነው። አዳኙ ዳክዬ ወይም ዝይ ሲመታ ወፏ ሐይቅ ውስጥ ወይም ቄጠማ መሃል ትወድቃለች። ውሻው ዋኝቶ ያመጣታል፤ ሳይበላ፣ ሳያኝክ፣ ባለቤቱ እጅ ላይ ያስረክባል። ከዝርያዎቹ ታዋቂው ላብራዶር ነው፤ የዘር ግንዱም ከካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ደሴት የዓሣ አጥማጆች ውሾች ይመዘዛል። በእኛ ሐይቆች ዳር እንዲህ ያለ ሥራ የለም። ባቱ (ዝዋይ) ላይ ዝይና ዳክዬ ሞልቷል፤ ግን ማን ይበላዋል? ከዓሣ አጥማጆቹ ጎን ቆሞ ትርፍራፊ የሚጠብቀውም አባ ኮዳ ነው እንጂ የሠለጠነ ውሻ አይደለም። የገጠር ልጆች ቆቅና ጅግራ ሲያድኑ ውሻ ያስከትላሉ፤ ውሻው ቀድሞ ከደረሰ ግን እራታቸው እሱ ሆድ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ሳያኝክ ያስረክባል» የሚለው ለእኔ ተአምር ነበር የመሰለኝ።

አሜሪካ ውስጥ ለሪትሪቨሮች ብቻ የተዘጋጀ ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። እንደማንኛውም ውድድር 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ ይወጣበታል። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ሁለት ጎበዝ ውሾችን ለመለየት ዳኛው ፈተናውን ማክበድ አለበት። በሚቀጥለው ዓመት ውሾቹ ያንን ይለምዱታል፤ ዳኛው እንደገና ያከብዳል። እንዲህ እየተባለ ውሻው የሚላክበት ርቀት ሦስት መቶ ሜትርና ከዚያም በላይ ሆነ፤ ውሻው ከሩቅ እንዲያየውም ባለቤቱ ነጭ ጃኬት መልበስ ጀመረ። ነጭ ለብሶ ዳክዬ የሚጠብቅ አዳኝ ደግሞ የለም! ውድድሩ ቀስ በቀስ የሙሉ ጊዜ አሠልጣኝ መቅጠር የሚችሉ ሰዎች ሜዳ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ውሻውን ይዞ የሚወጣው ተራ አዳኝ ተመልካች ሆኖ ቀረ።

ተራ አዳኞቹ ሌላ መንገድ ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1983 የሰሜን አሜሪካ የአደን ሪትሪቨር ማኅበር ተቋቋመ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ የውሻ ሥልጠና መጻሕፍት ደራሲው ሪቻርድ ዎልተርስ ነበር። በ1984 የአደን ሪትሪቨር ክለብ ተከተለ፤ በ1985 ደግሞ ትልቁ የአሜሪካ ኬኔል ክለብ የራሱን የአደን ፈተና ጀመረ። ሁሉም የተነሱት ከአንድ ሐሳብ ነው፦ ውሻ ከውሻ ጋር አይወዳደርም፤ የሚለካው አስቀድሞ በተጻፈ መስፈርት ነው። ሃያ ውሻ ቀርቦ ሃያውም መስፈርቱን ካሟላ ሃያውም ያልፋል። አንድም ካላሟላ አንድም አያልፍም።

የአሜሪካ ኬኔል ክለብን ደንብ እንደ መምህር ነው ያነበብኩት። ሦስት እርከን አለው፦ ጁኒየር፣ ሲኒየርና ማስተር። ጁኒየር ላይ ውሻው አንዲት ወፍ ስትወድቅ ያያል፣ ሄዶ ያመጣል፤ ሁለቴ በየብስ፣ ሁለቴ በውሃ። ርቀቱ በአብዛኛው ከ90 ሜትር ገደማ አይበልጥም። ገና ጀማሪ ስለሆነ፣ እስኪላክ ድረስ ባለቤቱ የአንገት ማሰሪያውን ቀስ አድርጎ ይዞ እንዲያቆየው ይፈቀዳል። ሲኒየር ላይ መያዝ የለም። ሁለት ወፎች ተከታትለው ይወድቃሉ፤ ውሻው የሁለቱንም ቦታ ማስታወስ አለበት። ስትወድቅ ያላያትን ወፍም በባለቤቱ ፊሽካና የእጅ ምልክት እየተመራ ያገኛል። ማስተር ላይ ሁሉም ነገር ይከብዳል።

ከሁሉ የወደድኩት አንድ ጥያቄ አለ። ሌላ ውሻ ሲፈተን የእኛው ጎን ለጎን ዝም ብሎ መቀመጥ አለበት። ወፏ ስትወድቅ ያያል፣ ደሙ ይፈላል፤ ግን ተራው አይደለምና አይነሳም። ይህ ራሱ ነጥብ አለው። እውነቱን ለመናገር፣ ማታ 12 ሰዓት የሚኒባስ ሰልፍ ላይ ይህን ፈተና የምናልፍ ሰዎች ብዙ አይደለንም።

ዳኞቹ ሁለት ናቸው። የወደቀችበትን ቦታ ማስታወስ፣ የሥራ ፍላጎት፣ ተስፋ አለመቁረጥ፣ መታዘዝ፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጣሉ። ለማለፍ አጠቃላይ አማካዩ ቢያንስ 7 መሆን አለበት፤ የአንዱም ዘርፍ አማካይ ደግሞ ከ5 መውረድ የለበትም። ስለዚህ ፈጣንነት አለመታዘዝን አይሸፍንም። አንድ ቀን ማለፍም አይበቃም፦ የጁኒየር ማዕረግ ለማግኘት አራት ጊዜ ማለፍ ያስፈልጋል፤ ለማስተር ስድስት፣ የሲኒየር ማዕረግ ካለው አምስት። ዛሬ የወደቀ ውሻ ሌላ ቀን ተመዝግቦ ይመለሳል፤ ካለፈባቸው ቀናት የሚቀነስበት የለም። ወፏን አኝኮ ያበላሸ ይወድቃል። ፈተናው ቦታ ላይ ውሻውን የሚያሰቃይ ባለቤት ይባረራል።

ይህን አንብቤ የራሴን ክፍል አሰብኩ። ወላጅ የልጁን ካርድ ሲቀበል ዓይኑ የሚሮጠው ወዴት ነው? ወደ ደረጃ። «ስንተኛ ወጣህ?» ነው ጥያቄው። 88 አምጥቶ 9ኛ የወጣ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፤ በደካማ ክፍል 70 አምጥቶ 1ኛ የወጣው ይሸለማል። የትኛው የበለጠ እንደሚያውቅ ግን የሚጠይቅ የለም። በደረጃ የሚለካ ልጅ ደግሞ ደብተሩን አያውስም፤ የጓደኛው መጎበዝ የእሱ መውረድ ነዋ። በአደን ፈተናዎቹ ግን ቅዳሜ ተሰብስበው አንዱ ለሌላው ውሻ ወፍ እየወረወሩ ነው የሚያሠለጥኑት። የጎረቤት ውሻ ቢያልፍ ከእነሱ የሚጎድል ነገር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ እኔም አንስቼዋለሁ። መስፈርትማ እኛም አለን! ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት። በዚያ ዓመት ይህን ያመጣው 3.3 ከመቶ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ። መስፈርቱን አልቃወምም፤ ኩረጃ እንዳይገዛን ያስፈልጋል። ግን መስፈርት ብቻውን መሰላል አይሆንም። የውሻው ደንብ አዋቂዎቹ ቡችላን ማስተር ፈተና ላይ አያቀርቡም። መጀመሪያ ማሰሪያውን ይዘው በአጭር ርቀት ይጀምራሉ፣ ከዚያ ይለቁታል፣ ከዚያ ያርቁታል። የእኛ ልጅ ግን በእያንዳንዱ እርከን «አልፈሃል» እየተባለ ይወጣና እውነቱን 12ኛ ላይ ይሰማል። የመጀመሪያው ሐቀኛ ፈተና የመጨረሻው ሲሆን ጥፋቱ የተፈታኙ ብቻ አይደለም።

ፈተናው እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። በጣም አድጓል፤ ዕድገቱም የራሱን ጣጣ አምጥቷል። ማስተር ላይ ደጋግመው ያለፉ ውሾች በዓመት አንድ ጊዜ የሚገናኙበት ማስተር ናሽናል እ.ኤ.አ. በ1991 ተጀመረ፤ እዚያም አንደኛ የለም፣ መስፈርቱን የጨረሰ ሁሉ ያልፋል። ነገር ግን ማስተር ፈተናዎች ምዝገባቸው ቶሎ ይሞላል፣ በፈቃደኝነት የሚዳኝ ሰው ይቸግራል፣ ቅጥረኛ አሠልጣኞች በመኪና ሙሉ ውሻ ይዘው ይመጣሉ። ማዕረጉም የቡችላ ዋጋ ማስወደጃ ሆኗል። የ1931ዱ ችግር በጓሮ በር እየተመለሰ ነው የሚሉ አሉ። ቢሆንም ጁኒየር አሁንም አለ፤ አንድ ሰው ከአንድ ውሻ ጋር ቅዳሜ ጠዋት ሄዶ መጀመር ይችላል።

አሁን ወደ አዳማ ልመለስ፤ ይህን ሁሉ ያጻፈኝም እዚህ የሆነው ነው።

ባለፈው ክረምት በእኛ ሰፈር አንድ ውሻ ሰንሰለቱን በጥሶ እንጀራ ይዞ የሚያልፍ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እግር ላይ ነከሰ። ሰው ተሰበሰበ። ባለቤቱ፣ ሁላችንም ኦቦ እያልን የምናከብራቸው ሽማግሌ፣ «የእኔ ውሻ ጨዋ ነው፣ ልጁ ነካክቶት ነው» አሉ። እናትየው «እብድ ነው! ልጄን ጨረሰብኝ!» አለች። ተከትቧል ወይ? «አዎ፣ ድሮ» ተባለ፤ ካርድ የለም። ከዚህ በፊት ሰው ነክሶ ያውቃል? አንዱ አዎ አለ፣ አንዱ አይ አለ። እዚያ መንገድ ላይ ቆሜ የገባኝ፣ ክርክሩን የሚፈታ አንድም የጋራ መለኪያ እንደሌለን ነው። ጨዋ የሚለውም እብድ የሚለውም ቃል ብቻ ነው። ልጁ ሐኪም ቤት ሄዶ የመርፌ ቀጠሮ እየቆጠረ ተመላለሰ፤ ተመስገን፣ ዛሬ ደህና ነው። ውሻው ግን በሦስተኛው ቀን መርዝ በልቶ አጥሩ ሥር ተገኘ። ማን እንዳበላው አልታወቀም። ኦቦና የልጁ እናት እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም።

የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም። በዓለም በዓመት ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ አብዛኛው በእስያና በአፍሪካ ነው፣ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መትረፍ የለም ማለት ይቻላል። ወደ ሰው የሚያስተላልፈውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው። መፍትሔውም ይታወቃል፦ ከውሾቹ 70 ከመቶውን በየጊዜው መከተብ። መርዝ ግን የተከተበውንም ያልተከተበውንም አብሮ ነው የሚገድለው።

ስለዚህ እንዲህ አሰብኩ። ዳክዬ የሚያመጣ ውሻ አያስፈልገንም፤ የፈተናው ሐሳብ ግን ያስፈልገናል። ያው የአሜሪካ ኬኔል ክለብ እ.ኤ.አ. በ1989 ለአደን ሳይሆን ለከተማ ኑሮ 10 ጥያቄ ያለው ፈተና አውጥቷል። ለእኛ ሰፈር እኔ አምስት ብቻ ጻፍኩ፦

1. የዘመኑ የክትባት ካርድ። ይህ መግቢያ ነው፤ ካርድ የሌለው አይፈተንም።
2. እንግዳ ሰው ባለቤቱን ሲጨብጥ ውሻው ሳይዘል፣ ሳይናከስ ይቆማል።
3. በገመድ ተይዞ በባጃጅ፣ በጋሪና በልጆች መሃል ሳይጎትት ያልፋል።
4. ከሃያ ሜትር ሲጠራ ይመጣል፤ አፉ ውስጥ ያለውንም ሲጠየቅ ይለቃል።
5. ሌላ ውሻ ሲፈተን ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል።

ሁለት ዳኛ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ሜዳ። ዳኛው የተፈታኙ ዘመድ መሆን የለበትም። አንደኛ የለም፣ ዋንጫ የለም። ያለፈ ሁሉ ስሙ ደብተሩ ላይ ይሰፍራል፤ የወደቀ ከወር በኋላ ይመለሳል።

ሐሳቡን ለኦቦ ሳነሳላቸው ሳቁ። «ልጄ፣ ጨዋ ካደረግኸውማ ሌባውን ማን ሊያባርርልኝ ነው?» አሉኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ እንደሚሆን አውቃለሁ። እኔ የመለስኩላቸው ይህን ነው፦ «ኦቦ፣ ለነፋሱም ለላስቲኩም ለወተት አመላላሿም እኩል የሚጮህ ውሻ ስለ ሌባ ምን ይነግርዎታል? ተነስተው ማየት ካቆሙ ስንት ዓመትዎ ነው?» ትንሽ ዝም አሉና «እሱስ እውነት ነው፣ ተነስቼም አላውቅ» አሉ። አሁን ከልጃቸው ቤት አዲስ ቡችላ አምጥተዋል። ባለፈው ሳምንት በበራቸው ሳልፍ ሲጠሩት ሰማሁ፤ መጣ።

አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ ውሻ ያላችሁ፣ አምስቱን ጥያቄ ገልብጣችሁ ውሰዱ። የጎደለ ካለ ጨምሩ፣ የበዛ ካለ ቀንሱና በአስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና የምትማሩ ልጆች ይህን ካያችሁ ደግሞ ከእኛ የተሻለ ዳኛ እናንተ ናችሁ። በእኛ ሰፈር እስካሁን አራት ቤተሰብ እሺ ብሏል። ከአራቱ ሦስቱ ካርድ ስለሌላቸው መጀመሪያ የምንሄደው ክትባት ወደሚሰጥበት ነው።