መቅጃው የጣለው ድምፅ፦ የጥበቃ ካሜራ መሣሪያ ለኽምጣና ቀረጻ ይበቃልን?

በሰቆጣ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎች የሚነገረው ኽምጣና ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ኦስትሪያዊው ሊዮ ራይኒሽ እ.ኤ.አ. በ1884 በቪየና አጥንቶ አሳትሞታል፤ ዴቪድ አፕልያርድ በ1987 የሰዋስው ንድፉን አውጥቷል፤ ክሎዌ ዳርሞን ደግሞ በ2015 በሊዮን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቷን አቅርባበታለች። ይሁን እንጂ ጽሑፍ የአንድን ቋንቋ ድምፅ ሙሉ በሙሉ አይዝም። አንድ ሽማግሌ ተረት ሲያወሩ የሚሰማው የአነጋገር ዜማ፣ የፊደል ምልክት የማይደርስበት የድምፅ ልዩነት፣ ተቀርጾ ካልተቀመጠ ከተናጋሪው ጋር ያልፋል።

ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ መቅረጫ መግዛት ያልቻለ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ዓይኑን በቅርብ ወዳለው ዕቃ ቢጥል አይፈረድበትም። የጥበቃ ካሜራ መቅጃ ሳጥን ሰፊ ማከማቻ ዲስክና የድምፅ ማስገቢያ አለው፤ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይቀዳል። የተቀዳው ሲደመጥ ግን ተናጋሪው በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ያን ጊዜ ተማሪው የሳጥኑን ውስጣዊ ፕሮግራም፣ ማለትም ፈርምዌሩን፣ ማሻሻል ያምረዋል። ነገር ግን ፕሮግራሙን ከመንካቱ በፊት ድምፁ የት እንደጠፋ ማወቅ ይኖርበታል።

ብዙዎቹ የጥበቃ መቅጃዎች ድምፅን የሚይዙት ጂ.711 በተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ለስልክ በጸደቀው ደረጃ ነው። በዚህ ደረጃ በሰከንድ 8,000 ናሙና ይወሰዳል፤ እያንዳንዱ ናሙና በ8 ቢት ስለሚጻፍ ድምሩ በሰከንድ 64,000 ቢት ይሆናል። ናሙና ሊወክል የሚችለው ከራሱ ቁጥር ግማሽ በታች ያለውን ድግግሞሽ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከ4,000 ኸርትዝ በላይ ያለው ሁሉ ከመጀመሪያው ይቀራል። የሙዚቃ ሲዲ በአንጻሩ በሰከንድ 44,100 ናሙና በ16 ቢት ይይዛል።

የጠፋው ነገር ለጥበቃ ሠራተኛ ጉዳዩ ላይሆን ይችላል፤ ለቋንቋ ግን ትልቅ ነው። የ«ሰ» ድምፅ ጉልበት በአብዛኛው የሚገኘው ከ4,000 ኸርትዝ በላይ ነው። በስልክ «ሰላ» የተባለው «ፈላ» መስሎ ሊሰማ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። እንደ «ጠ» እና «ቀ» ያሉት ፈንጂ ድምፆችም በኽምጣና አሉ፤ የእነርሱ አጭር ፍንዳታ በጠባብ ቀረጻ ይደበዝዛል። አማርኛ ሲሆን አድማጩ ቢላ ሰላ፣ ቡና ፈላ ብሎ ከዐውዱ ይሞላዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ያልተለመደ የኽምጣና ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ አጥኚ ግን የሚሞላበት ዐውድ አይኖረውም፤ የተሳሳተውን ቃል መዝግቦ ሊያልፍ ይችላል።

የፈርምዌር ማሻሻያ የሚጠቅመው በአንድ ሁኔታ ነው፤ ይኸውም ድምፅን ወደ ቁጥር የሚለውጠው የሳጥኑ ቺፕ ከ8,000 በላይ መውሰድ እየቻለ ፕሮግራሙ ብቻ ሲያግደው። ብዙዎቹ ሳጥኖች የሚሠሩት በሊኑክስ ስለሆነ፣ ሙያው ያለው ሰው የፋብሪካውን ፕሮግራም ከማኅደረ ትውስታው ገልብጦ፣ የናሙናውን ቁጥርና የማመቂያውን ዘዴ ለውጦ ሊመልሰው ይችላል። የመጀመሪያው ቅጂ በጥንቃቄ መቀመጥ አለበት። አዲሱ ፕሮግራም እየተጻፈ ሳለ መብራት ቢቋረጥ ሳጥኑ ዳግመኛ ላይነሣ ስለሚችል፣ ሥራው በባትሪ የተደገፈ ኃይል ይሻል።

ቺፑ አቅም ከሌለው ግን ምንም ፕሮግራም አያድነውም። የ8,000 ናሙና ቅጂን በኋላ ወደ 48,000 መለወጥም ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ ያልተያዘውን ድምፅ አይመልስም። ከተናጋሪው ርቆ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ማይክሮፎንም እንዲሁ ነው፤ የክፍሉን ማስተጋባት ከንግግሩ ጋር ደባልቆ ይይዛል።

ሌላም ጉዳይ አለ። የጥበቃ ካሜራ ሰው ሳያስብበት የሚቀዳ መሣሪያ ነው፤ ጆሮው በጠራ መጠን የሰው ገመና ይበልጥ ይጋለጣል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ይደነግጋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ስለዚህ የተሻሻለው ሳጥን ከግድግዳ ወርዶ፣ ተናጋሪው እያዩትና ፈቅደው፣ ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ ይገባል።

እዚህ ከተደረሰ በኋላ ተማሪው ሒሳቡን መሥራት አለበት። የተገኘው ሳጥን አቅም ካለው ድካሙ ዋጋ አለው፤ ከሌለው ለጥቂት ቀናት መቅረጫ መዋስ ወራት ከሚፈጅ ሙከራ ይሻላል። ለመለየትም ሩቅ መሄድ አያሻውም። የከተማዋ ስም «ሰ»ን፣ «ቆ»ንና «ጣ»ን በአንድነት ይዟል። ሽማግሌው ተረታቸውን ከመጀመራቸው በፊት አንድ ሰው በማይክሮፎኑ ፊት «ሰቆጣ» ይበል፤ ቅጂውም ወዲያው ይደመጥ። ሦስቱ ድምፆች ጥርት ብለው ካልተሰሙ ሽማግሌውን ማስጀመር አይገባም።