ፍርፋሪ በፍልሰታ

እንግሊዞች «ክራምብል» የሚሉት የፍሬ ጣፋጭ አላቸው። ስሙን ወደ አማርኛ እንመልሰው ብንል ከ«ፍርፋሪ» የቀረበ ቃል አላገኘንለትም። መቼም በእኛ አገር ፍርፋሪ ብሉ ተብሎ እንግዳ አይጠራም፤ ፍርፋሪ ማለት ከገበታ የተራረፈው፣ ለዶሮ የሚበተነው ነውና። ይሁን እንጂ ስሙን ሰምቶ ምግቡን መናቅ ለእኛ አይገባንም። እንጀራ ፈርፍረን በቍሌት እናሻለን፤ ቂጣ ቈራርሰን በቅቤና በበርበሬ እንለውሳለን፤ ይህንንም ቍርስ ብለን በክብር እንበላለን። ፍርፋሪ ሲባል የሚያፍር ተማሪ ካለ ትናንት ጧት የበላውን ያስታውስ።

ነገሩ ቀላል ነው። ፍሬው ተቈራርጦ ከሥር ይነጠፋል፤ በላዩ ዱቄት፣ ስኳርና ቅቤ በጣት ታሽቶ ይበተንበታል፤ ከዚያ በእሳት ይበስላል። ሊጥ አይቦካም፣ አይዳመጥም፣ እንቍላልም አይገባበትም። በእንግሊዝ አገር ይህ ምግብ በየቤቱ የተለመደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው ይባላል፤ ምክንያቱም አስቸጋሪ አይደለም። ታኅሣሥ 29 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች 1940 መባቻ መሆኑ ነው፣ የእንግሊዝ መንግሥት ቅቤንና ስኳርን በራሽን ማደል ጀመረ። በጦርነቱ ውስጥ ለአንድ ሰው በሳምንት ይደርሰው የነበረው ቅቤ ብዙውን ጊዜ 57 ግራም ያህል ነበር። ፍሬውን በሊጥ ጠቅልሎ ለመጋገር ብዙ ዱቄትና ብዙ ቅቤ ይጠይቃል፤ ፍርፋሪ ግን ጥቂቱን አብዝቶ ያሳያል። ራሽኑ ፈጽሞ የቀረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ ምግቡ ግን ቀረ አልተባለም። (በዚያው ዘመን የእኛ አርበኞች በየዱሩ በሶ በጥብጠው ይዋጉ እንደ ነበር ሳንጠቅስ ማለፍ አልፈለግንም። ስለ በሶ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።)

የእንግሊዝ በጋ የእኛ ክረምት ነው። እነሱ ፕሪሙንና እንጆሪውን በፀሐይ ሲለቅሙ እኛ በጭቃ እንዘላለን፤ ቢሆንም የእኛም ኮክ የሚደርሰው በዚያው ወራት ነው። ከሽሮ ሜዳ ቍልቍል ሲወርዱ በመንገዱ ዳር በላስቲክ ላይ መደብ መደብ ተደርጎ ይታያል። ዐረቦች «ኾኽ» ይሉታል፤ የትውልድ አገሩ ግን ቻይና ነው። የእኛው ኮክ ትንሽ፣ ጠንካራና ጥርስ የሚያጠርስ ነው፤ ሥጋውም ከውስጡ ፍሬ በቀላሉ አይላቀቅም። ወደ ማታ ሲሆን የተጋጨውና የተቀጠቀጠው በርካሽ ይሰጣል፤ የሚገዛው ከጠፋም ቦይ ውስጥ ይጣላል። ለጥሬ የማይሆን ኮክ ለእሳት ግን ከማንኛውም ይበልጣል፤ እሳት ሲያገኘው ኮምጣጣነቱ ይለዝባል እንጂ አይጠፋም፣ ስኳሩንም ልክ ያስገባዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። እኛ ሦስት ነን፤ የምንኖረውም በዚያው በሽሮ ሜዳ በኩል በአንድ ግቢ ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ሦስታችንም ወደየአገራችን አልሄድንም፤ የመንገዱ ነገር አላስተማመነንም፣ ቤተሰቦቻችንም «ባላችሁበት ቈዩ» አሉን። ከሦስታችን አንዱ ፍልሰታን ይጾማል፤ አንዱ የሚጾመው ረመዳንን ነው፤ አንዱ ፕሮቴስታንት ነው። ይህ ልዩነት በመካከላችን ችግር ሁኖ አያውቅም፤ ችግሩ ያለው ድስቱ ላይ ነው። በአንዲት ድስት ወጡም ሥጋውም ሲሠራባት ስለ ቈየች፣ በፍልሰታ ለጾመኛው ወንድማችን የምትሆን አልሆነችም፤ እርሱም ደረቅ ዳቦ ይዞ ጥግ ላይ ቍጭ ይል ጀመር። ሦስት ሰዎች በአንዲት ክፍል ሁለት ማዕድ ሲዘረጉ ክፍሉ ከመጥበብ አልፎ ይቀዘቅዛል።

የቤቱ ባለቤት እማማም አሉ። ዓመት ሙሉ ከአንድ ቧንቧ ስንቀዳ በእኛና በእርሳቸው መካከል ከሰላምታና ከቤት ኪራይ በቀር ብዙ ቃል አልተለዋወጥንም። ክፉ ሰው ሁነው አይደለም፤ ጥብቅ ጾመኛ ናቸው፣ የወጣት ወንዶች ጓዳም ያጠራጥራቸዋል። በኤሌክትሪክ ምድጃ እንዳንጠቀም በቅድሚያ አስጠንቅቀውናል። በእኛ ቤት የቀመሱት እህል አልነበረም።

ሦስታችንም አብረን የምንበላው ነገር ስንፈልግ ነው እንግዲህ ይህ ፍርፋሪ ትዝ ያለን። ቅቤውን በዘይት ብንተካው ሥጋ የለበት፣ ወተት የለበት፤ ለሦስቱም ወገን ይሆናል። የቀረው የጾም ድስት ነበር። ሦስታችንም ተሰልፈን እማማ በር ላይ ቆምን።

«ምን ልትሠሩበት?» አሉን።

«የኮክ ፍርፋሪ።»

«ለሰው ነው ወይስ ለዶሮ?»

የእንግሊዞቹን ጦርነት፣ በካርድ የሚታደለውን ቅቤና ስኳር አስረዳናቸው። ከመካከል አቋርጠው «የቀበሌ ኮታ ነዋ! እንዲያ በሉኛ» አሉና በደርግ ጊዜ ለስኳር በካርድ የተሰለፉትን ይነግሩን ጀመር። እንግሊዝ ለእርሳቸው በዚያች ደቂቃ ጎረቤት አገር ሆነች። ድስቱን ሰጡን፤ «ሥጋ አያውቅም፤ እንዳይነካውም» የሚል ትእዛዝ አከሉበት።

አሠራሩን እንደሚከተለው እንጽፋለን፤ ለማንኛውም ተከራይ ተማሪ ይሆናልና። አንድ ኪሎ ኮክ ታጥቦ ሳይላጥ በቢላዋ ከፍሬው ይገፈፋል፤ የበሰበሰው ቦታ ተቈርጦ ይወጣል። በድስቱ ሥር ተነጥፎ አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይነሰነስበታል። በሌላ ዕቃ ሁለት የሻይ ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ብርጭቆ በሶ፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳርና ቍንጥር ጨው ይደባለቃል። ከዚያ ከግማሽ ብርጭቆ ትንሽ ከፍ ያለ የሱፍ ዘይት ጥቂት በጥቂት እየተንጠባጠበ በጣት ጫፍ ይታሻል። መታሸት እንጂ መቡካት የለበትም፤ ከተቦካ ሊጥ ይሆናል። ጓል ጓል ማለት ሲጀምር እጅን ማንሣት ነው። በሶን የጨመርነው ለወግ አይደለም። ገብሱ አስቀድሞ የተቈላ ስለ ሆነ፣ በዘይት የሚሠራ ፍርፋሪ የሚያጣውን የቅቤ መዓዛ በሌላ መንገድ ይተካል።

እሳቱ ዋናው ነገር ነው። ፉርኖ የሌለው ሰው የአያቶቹን ዳቦ ያስብ፤ በላይ እሳት፣ በታች እሳት። ከታች ጥቂት ፍም፣ ከላይ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ብዙ ፍም። ከታች ከበዛ ኮኩ ያርራል፤ ከላይ ካነሰ ዱቄቱ በእንፋሎት ርሶ ገንፎ ይሆናል። ስለዚህ ክዳኑ በማንኪያ እጀታ ትንሽ ከፈት ተደርጎ እንፋሎቱ መውጣት አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ፍሬውም ለመብሰል ጊዜ ይወስዳል፤ በእኛ ምድጃ ከ45 ደቂቃ ያላነሰ ፈጅቷል። ከፍታው ኬክን ያለ ልክ አስነሥቶ መልሶ ያሰምጠዋል፤ ፍርፋሪ ግን የሚነሣበት እርሾ ስለሌለው የሚወድቅበትም ነገር የለውም። የሚያምኑት ጣፋጭ ነው።

ከሰሉ የክረምት ከሰል ነበረና ጢስ በጢስ ሆንን። እማማ ከደጃቸው ሲመለከቱን ቈይተው በመጨረሻ መቈንጠጫውን ከእጃችን ወሰዱ። ክዳኑ ላይ ያለውን ፍም ወደ ዳር ወደ ዳር ገፉት፤ መካከሉ ቶሎ ይነድዳል ሲሉ ነው። ከዚያ በኋላ እኛ የያዝነው ጃንጥላውን ብቻ ነበር።

ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ድስቱ ሲከፈት ከላይ እንደ ቆሎ ቀልቷል፤ ከዳር ዳር የኮኩ ጭማቂ እየተንተከተከ ይወጣል። በአንድ ትሪ አቀረብን፤ ሦስታችንና እርሳቸው ዙሪያውን ተቀመጥን። አማተቡና ቀመሱ፤ ዝም አሉ፤ ደግመው ቀመሱ።

«በሶው ነው ያዳነው» አሉ።

ከዚያ እያንዳንዳችንን እናታችን በክረምት ምን እንደምትሠራልን ጠየቁን። አንዳችን የበቈሎ ጥብስ አለ፤ አንዳችን ትኵስ ቂጣ በማር አለ፤ ሦስተኛው ጥቂት ዘግይቶ መለሰ፣ ድምፁም ደህና አልነበረም። ማንም አላየነውም ብለን ወደ ትሪው አቀረቀርን። እማማ ከራሳቸው ፊት ያለውን የተጠበሰ ጠርዝ አንሥተው ወደ እርሱ በኩል ገፉለት።

ትሪው ባዶ ሆነ። ድስቱን አጥበን፣ አድርቀን ልንመልስ ብንሄድ አልተቀበሉንም፤ «እስከ ፍቺው እናንተው ጋ ይቀመጥ፤ ኮኩ መች አለቀና» አሉን።