ረዳት ነኝ፤ የኢማም ነው ወይስ የመኪና?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ፊቅህ አይደለም፤ ስለ መኪና ነው። ያውም ስለ ትልቅ መኪና።

ባለፈው ክረምት ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ እናታችንንና እኔን ጠርቶን እሱ ዘንድ ከረምን። የአክስታችን ልጅ ኒካሕ ደግሞ ፊላዴልፊያ ነበር። ከወንድሜ ሚስትና ከሦስት ልጆቹ ጋር ሰባት ነን። እማ ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ ሰዓት መቀመጥ አትችልም። ስለዚህ ወንድሜ አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ያለው መኪና ተከራየ። እዚያ "አርቪ" ይሉታል። ርዝመቱ 9 ሜትር ተኩል፣ ከፍታው 3 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ይህን የሚያህል ነገር በተራ መንጃ ፈቃድ መነዳቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

"አንተ ረዳት ነህ" አለኝ ወንድሜ፤ ሁሉም ሳቁ። ደሴ ላይ ልጅ ሆነን የአውቶቡስ ረዳት የመኪናውን ገላ በመዳፉ እየመታ "ና! ና! ና! በቃ!" ሲል ቆመን ስናይ ነው ያደግነው። የኢማም ረዳት ሆኜ የመኪና ረዳት መሆን ምን ይከብደኛል ብዬ ተቀበልኩ።

መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ ተለማመድን። እዚያ ያየሁትን አልረሳውም። ከኋላው ጎማ በኋላ ሦስት ሜትር የሚሆን የመኪናው አካል ተንጠልጥሎ ይቀራል። መሪው ወደ ግራ ሲጠመዘዝ ይህ ጭራ ወደ ቀኝ ወጣ ይላል። ሾፌሩ ፊት ፊቱን እያየ መታጠፊያውን ያለፈ ይመስለዋል፤ ጭራው ግን ገና አላለፈም። ወንድሜ በላስቲክ ጠርሙስ ምልክት አድርጎ ሲታጠፍ ሁለቱን ጠርሙስ ጣላቸው። ልጆቹ አጨበጨቡ።

መንገዱም የራሱ ጣጣ አለው። የስልኩ ካርታ የሚመራው ትንሽ መኪና የያዘ መስሎት ነው፤ ድልድይ ዝቅ ይበል አይበል አያውቅም። ባልቲሞር ስንደርስ ደግሞ ከወደቡ ሥር የሚያልፉት ሁለቱ ዋሻዎች የምግብ ማብሰያ ጋዝ ታንክ ያለበትን እንዲህ ያለ መኪና አያስገቡም። ድሮ አማራጩ ትልቁ የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ነበር፤ እሱ ደግሞ መጋቢት 2016 መርከብ ገጭቶት ወድቋል። ስለዚህ በምዕራብ በኩል በ695 ቀለበት መንገድ ዞርን። እማ መሐል ላይ ተነስታ "አሁንም ባልቲሞር ነን?" አለች።

ፊላዴልፊያ የገባነው ኒካሑ ሊታሰር ሃምሳ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ምዕራብ ፊላዴልፊያ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ሰፈር ነው። መንገዱ ግራና ቀኝ በቆመ መኪና ታጥሯል፤ በመሐል ትራም ይሄዳል። ትራም ደግሞ መሪ የለውም፤ ጭራህ ሐዲዱ ላይ ከቀረ ተሳፋሪው ሁሉ አንተን ይጠብቃል። ጣሪያ ያለው የመኪና ማቆሚያ አይታሰብም፤ የበሩ ከፍታ ከሁለት ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሦስት ጊዜ ዞርን።

አራተኛው ዙር ላይ ወንድሜ ወደ ጠባብ መንገድ ወደ ግራ ሊታጠፍ ሆነ። "ውረድና ጭራውን እይልኝ" አለኝ። ወረድኩ። በዚያው ቅጽበት ስልኬ ጠራ፤ የሙሽራው ወንድም ነው፣ የት ደረሳችሁ ይላል። ዞር ብዬ ሳናግረው "ቀጭ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የቆመች ሰማያዊ መኪና የጎን መስታወት አስፋልት ላይ ወድቋል።

መንገዱ ላይ ሰው የለም። ተመልሼ ገባሁ። እማ ከኋላ አልጋ ላይ ሆና "ምንድን ነው የተሰበረው?" አለች። "ምንም አይደለም እማ" አልኳት። ወንድሜ አየኝ፤ እኔም አየሁት፤ ሁለታችንም ሰዓቱን አየን። ከኒካሑ በኋላ እንመለሳለን ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እንደማንመለስ ግን በልቤ አውቄዋለሁ። ሕፃናትን ቁርአን እያስቀራሁ ስለ ሰው ሐቅ ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ ሱብሓነላህ።

የወንድሜ የ11 ዓመት ልጅ በመስኮት እያየ ኖሯል። "አጎቴ፣ መስታወቱ ወደቀ እኮ" አለ። ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ እማም ሰማች። ምንም አልተናገረችም።

ወረድን። የወንድሜን ስምና ስልክ ወረቀት ላይ ጽፈን መጥረጊያው ሥር አደረግን፤ የቆመ መኪና ገጭቶ መሄድ እዚያ በሕግም ያስጠይቃል። ኒካሑ ላይ የደረስነው ዱዓው ላይ ነው። ባለመኪናው ማታ ደውሎ ተቆጣ፤ መብቱ ነው። ማስጠገኛው 260 ዶላር ሆነ። ግማሹን ልክፈል ብል ወንድሜ እምቢ አለኝ፤ እስካሁን ዕዳ ሆኖ ይሰማኛል።

መጀመሪያውኑ ማድረግ የነበረብንን ያደረግነው የዚያን ዕለት ማታ ነው። ከከተማው ወጥተን የአንድ ትልቅ ገበያ ሥራ አስኪያጅ አስፈቅደን ሰፊው ሜዳ ጥግ ላይ አቆምን፤ በማግስቱ ወደ ሙሽሮቹ ቤት በታክሲ ሄድን። ለእማ እንኳ ይሄ ይሻል ነበር። የእኛ ከተማ ሰዎችም ጁሙዓ ቀን ኤፍ ኤስ አር መኪና መስጂዱ በር ላይ ገትረው ሲገቡ ሳይ ያቺ ሰማያዊ መኪና ትዝ ትለኛለች።

ስንመለስ ከሜዳው በኋላ ማርሽ መውጣት ነበረብን። በሩን ከፍቼ ልወርድ ስል እማ እጇን ዘረጋች።

"ስልክህን ወዲህ በል" አለችኝ። ተቀብላ ሻርፗ ውስጥ ከተተችው።

ወርጄ ከኋላ ቆምኩ። "ና! ና! ና!"