መጦር የማን ሥራ ነው?

ወረታ ያደገ ሰው እግር ማጠብን በልጅነቱ ይማራል። የፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ጫማ ያስጥላል፤ ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ማሳውና መንገዱ አይለይም። ማታ ማታ ሳፋና ጆግ ይዞ ከትልቅ ሰው እግር ሥር መንበርከክ የልጅ ድርሻ ነበር። የአያቴን እግር ሳጥብ ጭቃው ከጣቶቿ መሐል እስኪለቅ አሻለሁ፤ የተሰነጠቀ ተረከዟን ቅቤ እቀባላትና ጉልበቷን ስሜ እነሣለሁ። እሷም «እደጊ፣ ተመንደጊ፤ ጧሪ ልጅ ይስጥሽ» ትለኛለች። እኔም ያንን ምርቃት ሳልሰማ ብተኛ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም ነበር።

ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ። በዚህ አካባቢ በዚሁ ሥራ የሚተዳደሩ ያገሬ ልጆች ብዙ ናቸው። አሁንም እግር አጥባለሁ፤ አስተጣጠቡ ግን ሌላ ነው። ጓንት አጠልቃለሁ፣ የውኃውን ሙቀት አረጋግጣለሁ፣ በጣቶቹ መሐል ያለውን ቆዳ አንድ በአንድ አያለሁ። ስኳር ላለበት ሰው ትንሽ ጭረት እግር እስከማስቆረጥ ልትደርስ ስለምትችል ያየሁትን ሁሉ እመዘግባለሁ። ራሳቸውን ማገላበጥ ያቃታቸውን ጀርባቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ጎን እናዞራቸዋለን። የእኔ ተራ ሲያበቃ ሌላዋ ትረከበኛለች። ይህን የሚያደርገው የሠራተኛ ደግነት ብቻ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣችው ሕግ፣ ከመንግሥት የጤና መድኖቹ ከሜዲኬርና ከሜዲኬይድ ገንዘብ የሚቀበል የአረጋውያን ማዕከል ለእያንዳንዱ ነዋሪ የእንክብካቤ ዕቅድ እንዲያወጣና መብቱንም እንዲጠብቅ ይገደዳል።

እዚህ የጎደለው ሌላ ነገር ነው። የማጥባቸው ሰዎች ሐኪም፣ መምህር፣ አናጢ የነበሩ ናቸው፤ አሁን ግን ምን በልተው እንዳደሩ እንጂ ምን እንደሚያስቡ የሚጠይቃቸው ጥቂት ነው። አገር ቤት አያቴ ዓይኗ ከደከመ በኋላ እንኳ ሥራ አላጣችም። ሩዝ ሲሰጣ ዘንግ ይዛ ዶሮና ወፍ ትከላከላለች፤ ጎረቤት ሲጣላ ትዳኛለች፤ ልጅ ሲዳር «እስቲ እሷ ትጠየቅ» ይባላል። ቁርጥማት ሲጠናባት በበጋ ወንዛዬ ፍል ውሃ ትወሰዳለች፤ ስንቅ የሚቋጥር፣ አብሯት የሚሰነብት ሰው አይታጣም። ሽምግልና ከቤቱ መሐል የሚያስቀምጥ ማዕረግ ነበር።

ይሁን እንጂ ይህን ስናወድስ የምንዘላት አንዲት ሰው አለች። ምርቃቱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ውኃውን የቀዳችው፣ እንጨቱን ያነደደችው፣ ሌሊት «አቤት» እያለች የምትነሣው ግን እናቴ ነበረች። አያቴ አልጋ ላይ ስትውል እናቴን የሚተካት አልነበረም። የፎገራ ሩዝ ደግሞ ጉልበት ይበላል፤ አረም ሲደርስ ቤቱ በሙሉ ማሳ ይወርዳል፣ የታመመ ሰው ብቻውን ይውላል። አያቴ ከማረፏ በፊት ጀርባዋ ቆስሎ ነበር። ፍቅር ጎድሏት አልነበረም። በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ እንዳለባት የነገረን፣ እናቴንም የሚያሳርፋት ሰው ስላልነበረ ነው።

እኛ መቅበርን በሥርዓት እናውቅበታለን። እድር መዝገብ አለው፣ ወርኃዊ መዋጮ አለው፣ ድንኳን የሚተክል አለው፣ የቀረ ይቀጣል። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ብቻውን አይቀርም። ያው ሰው በሕይወት ሳለ አልጋ ላይ ዓመት ቢተኛ ግን ጉዳዩ የአንዲት ልጅ ወይም የአንዲት ምራት ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ይላል፤ መቄዶንያ የተባለው የበጎ አድራጎት ማዕከልም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ጎዳና የወደቁትን ያነሣል። ሁለቱም ግን ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ለምትጦረው ሴት ሌሊቱን አያጋሯትም።

መፍትሔውን ለመፈለግ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ፣ እዚያው ፎገራ ወረዳ፣ አውራምባ የተባለ ማኅበረሰብ አለ። ዙምራ ኑሩ ማኅበረሰቡን በ1964 ዓ.ም. ሲመሠርቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲያብሰለስሏቸው የነበሩ ጥያቄዎች ነበሯቸው፦ እናት ከአባት እኩል ማሳ ውላ ቤት ስትገባ ለምን እሷ ብቻ ትሠራለች? አቅመ ደካማስ ለምን ይጣላል? ትምህርት ቤት ባልገቡ ሰው የተነሣ ይህ ጥያቄ ሥርዓት ወለደ። ጉልበት ያጡ አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ተሠራ፣ የሚንከባከባቸው ሰው ተመደበ፤ በሳምንት አንድ ቀን የሚሠራው ሥራ ገቢም ለችግረኞች እንዲውል ተደረገ። አረጋውያኑ ከመንደሩ አልራቁም፤ ሸማ ከሚሠራውና ከሚማረው ልጅ መሐል ናቸው። እዚህ ባሕር ማዶ የማየው ተራና አገር ቤት የማውቀው ቅርበት እዚያ አንድ ላይ ተገኝተዋል።

እኛ ውጭ ያለነው ገንዘብ በመላክ የጦርን ይመስለናል። ገንዘቡ መድኃኒት ይገዛል፤ ሌሊት አይነሣም። ስለዚህ ወንድምና እኅት ተሰብስበን የምናዋጣው ለእናት ብቻ ሳይሆን እናትን ለምትጠብቀው እኅትም ደመወዝና የዕረፍት ቀን የሚሆን ይሁን። ወንዶቹም ተራ ይግቡ፤ እናትን ማጠብ ወንድን አያሳንስም። በነርስነት የሠለጠንን፣ የመገላበጡንና የእግር ምርመራውን ሙያ በስልክም ሆነ ስንሄድ በእጃችን እናሳይ። የአካባቢያችን እድሮችም ከቀብሩ መዝገብ ጎን የጧሪዎች ተራ መዝገብ ቢከፍቱ፣ ወጣቱ ለቀብር እንደሚጠራው ሁሉ ለታመመ አዳርም ይጠራል።

ቤት ስትደውሉ «እማዬ እንዴት ናት?» ካላችሁ በኋላ ስልኩን ለምትጠብቃት ሰው አሰጡና «አንቺንስ ማን ያሳርፍሻል?» በሏት። መልሱ «ማንም» ከሆነ፣ የሚቀጥለው መዋጮ በዚያው ይጀመር።